ለተሸነፈው ምን ሰጠነው?

(ድሬዳዋ ውስጥ በተዘጋጀ የአንባቢያን ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ የተጻፈ)

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶችና አባቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከኋላ ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁ ተማሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ! አሰላሙ ዐለይኩም! አካም ጂርቱ!

እዚህ ከፊት ለፊቴ አራት ባዶ ወንበሮች አሉ። «የክብር እንግዳ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። እኔ በማውቀው የክብር እንግዳ ማለት ሰዓት አክብሮ የመጣ ሰው ነው። ኑ፣ ልጆች፣ ተቀመጡባቸው። አይዟችሁ፣ አዘጋጆቹ ቢቆጡ እኔን ነው የሚቆጡት። እንዲህ ነው!

አዘጋጆቹ «የመጻሕፍት ፌስቲቫልና የጽሑፍ ውድድር ለከተማችን ምን ይጠቅማል» በሚል ርዕስ እንድናገር ጋብዘውኛል። አመሰግናለሁ። ነገር ግን ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም በሚለው ላይ ጊዜ አላጠፋም። አይጠቅምም የሚል ሰው በዚህ ወበቅ ቤቱን ጥሎ እዚህ አዳራሽ አይመጣም። ዛሬ የምናገረው ስለ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው፣ መጽሐፍ ለዚህች ከተማ እንግዳ አለመሆኑን። ሁለተኛው፣ ፌስቲቫል መቼና የት ቢዘጋጅ እንደሚያምርበት። ሦስተኛውና እኔን ከቤቴ ያስወጣኝ ጉዳይ፣ የጽሑፍ ውድድር ለተሸነፈው ሰው ምን ይሰጣል የሚለው ነው። ለአሸናፊውማ ጭብጨባ አለው፣ ፎቶግራፍ አለው፣ የምስክር ወረቀት አለው። ለተሸነፈውስ?

ከአንደኛው ልጀምር። ስለ ድሬዳዋ ምን ይወራል? ባቡር፣ ሙቀት፣ ንግድ፣ ፍቅር። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጋዜጠኛ ሁሉ እነዚህን አራቱን ጽፎ ፈጢራውን በልቶ ይመለሳል። መጽሐፍን የሚያነሳ አላየሁም። ባቡሩ ወደ ሐረር እንዳይወጣ ጋራው ከልክሎት እዚህ ሜዳ ላይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነውና ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ከባሕር የመጣው ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እኛን ነበር። ጨርቁ፣ ስኳሩ፣ ቆርቆሮው። ወረቀትና የማተሚያ ቀለምስ? በሐረር የካቶሊክ ሚሲዮን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1905 በፈረንሳይኛ አንድ መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። ማተሚያ ቤቱ የቅዱስ አልዓዛርን ስም የያዘ ነበር፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሚረዱበት ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። ያ ማተሚያ ቤት በኋላ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1929 አባ ባትማን ያዘጋጁት ትልቁ የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት የታተመው የት ይመስላችኋል? ፓሪስ? አይደለም። ሮም? አይደለም። እዚሁ ድሬዳዋ ነው! በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የከተማችን ስም ተጽፎ በዓለም ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ይህን የምታውቁ እስኪ እጅ አውጡ። ጥቂት እጆች አያለሁ። አንተ የታሪክ መምህር ነህ፣ አትቆጠርም፣ አውርድ።

በዚያው ማተሚያ ቤት አካባቢ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የሚባሉ ሊቅ ነበሩ። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረው ያልጨረሱትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ተረክበው በዚህ ሙቀት ውስጥ ቃል በቃል ሲለቅሙ ኖሩ። እርሳቸውም ሳያሳትሙት አረፉ። ከእርሳቸው ጋር ይሠሩ የነበሩት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ ቀጥለውም የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ልብ በሉ! አንዱ ጀመረ፣ ሁለተኛው ደከመበት፣ ሦስተኛው ለኅትመት አበቃው። በዛሬው የሽልማት ሥርዓታችን ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ሥራቸውን በወቅቱ ባለማስገባታቸው» ከውድድር ውጪ በሆኑ ነበር።

አትሳቁ፤ እውነቴን ነው።

ስለ ሐረርም አንድ ነገር ልበል፤ የሐረር ሰዎች ተቀምጠው እያዩኝ ነው፣ ብዘላቸው ይቀየሙኛል። ጀጎል ውስጥ ቁርኣንን በእጅ መገልበጥ፣ በቀለም ማስጌጥ፣ በቆዳ መጠረዝ የቆየ ሙያ ነው። በጌይ ሲናን፣ በሐረሪ ቋንቋ ማለት ነው፣ በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ ኖሯል። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በየቤቱ የቀሩትን ጽሑፎች መሰብሰብ ሲጀምሩ መንግሥት አልቀጠራቸውም፤ መጀመሪያ ያስቀመጡት በገዛ ቤታቸው ነው። ዛሬ ሐረር ያለውን ሙዚየማቸውን ሄዶ የሚያይ ሰው ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙ ያገኛል። የጥረዛውን ሙያም ወጣቶች እንዲማሩት አድርገዋል። ከዚህ እስከዚያ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእኛ ተማሪዎች ግን ወደ ሐረር የሚወጡት ጅብ ሲበላ ለማየት ነው። ጅቡን እዩት፣ አልከለክልም፤ እሱ የሚመጣው ግን ሲመሽ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራላችሁ?

እሺ፣ የሊቃውንቱን ዘመን እንለፈውና ወደ እኔ ዘመን ልምጣ። ልጅ ሆኜ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር፣ በእንጨት ሳጥን መጻሕፍት የሚያከራይ ሰው ነበር። የቀን ኪራዩ ስሙኒ ነው። መያዣው የተማሪ መታወቂያ ነው። ሰውዬው ዓይኑን ከፍቶ የሚተኛ ይመስል ነበር፤ መጽሐፍ ወገብህ ላይ ሻጥ አድርገህ ልትሄድ ስትል ግን ስምህን ከነአባትህ ይጠራሃል። ታዲያ ከመጻሕፍቱ አንዱ፣ እንደ ዳቦ ያበጠ ልብ ወለድ፣ የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉትም። ማን እንደቀደዳቸው አይታወቅም። ሰውዬው ግን ሳያፍር ሙሉ ኪራይ ያስከፍላል። «መጨረሻው የለም» ስንለው «እናንተ ጨርሱት» ይለናል።

ጨረስነው! ማታ ማታ ሙቀቱ አላስተኛ ሲለን ደጅ ምንጣፍ ዘርግተን እንቀመጣለን፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን መጨረሻ ይናገራል። አንዱ ገዳዩን ፖሊስ ያስይዘዋል፣ ሌላው ልጅቷን በባቡር ጅቡቲ ይልካታል። ከእኛ መካከል ትምህርቱን ያቋረጠ፣ ገበያ ውስጥ ተሸክሞ የሚያድር ልጅ ነበር። መጽሐፉን አላነበበውም፤ የሰማው ከእኛ አፍ ነው። የእሱ መጨረሻ ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘን፤ ገዳዩን ማንም አልያዘውም፣ ከሟቹ እናት ቤት አጠገብ ቤት ተከራይቶ ዕድሜ ልኩን ውኃ ሲቀዳላት ኖረ አለ። ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ሙሉውን መጽሐፍ አግኝቼ እውነተኛውን መጨረሻ አነበብኩ። የተሸካሚው ልጅ ይበልጥ ነበር።

እኔ የማውቀው የመጀመሪያው የጽሑፍ ውድድር ያ ነው። ሽልማት አልነበረውም። ዳኛ አልነበረውም። ነገር ግን የተሸነፈው ልጅ በማግሥቱ ማታ የተሻለ መጨረሻ ይዞ ይመጣ ነበር። ለምን? ምክንያቱም ለምን እንደተሸነፈ ይነገረዋል! «ያንተ ፖሊስ ከየት መጣ? ቅድም አልነበረም እኮ» ይባላል። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ፤ መቼና የት። ይህን በአጭሩ።

በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ ውስጥ ከቀትር በፊት የሚከፈት የመጻሕፍት ፌስቲቫል ሰውን ከመጽሐፍ ለማጣላት የታቀደ ነው የሚመስለው። አንድ ጊዜ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ በተዘጋጀ አውደ ርእይ ላይ ነጋዴዎቹ ከማለዳ ጀምሮ መጻሕፍታቸውን በላስቲክ ድንኳን ሥር ደርድረው ተቀመጡ። የመክፈቻው ሪባን የተቆረጠው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እስከዚያ ንግግር ነበር። ንግግሩን የሚከተል ንግግር ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ አንድ መጽሐፍ ባነሳ ሽፋኑ እጄ ላይ ቀረ፣ ገጾቹ ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ። የጀርባው ሙጫ በሙቀት ለስልሷል። ሻጩ አየኝ፣ አየሁት። «እኔም እንደሱ ልበተን ምንም አልቀረኝም» አለኝ።

የዚህች ከተማ ሰው ሰዓቱን ያውቃል። ቀትር ላይ ሱቁን ዘግቶ ይገባል፣ ፀሐይ ስትበርድ ይወጣል። ባጃጁም፣ ነጋዴውም፣ ጀበና የጣደችውም እንደዚያው ናቸው። ፌስቲቫሉ ለምን ከአሥር ሰዓት በኋላ ተጀምሮ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አይዘልቅም? ከወሩ ደግሞ ታኅሣሥና ጥር ይሻላሉ፤ አየሩ ይበርዳል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ በከተማችን ያልፋል፣ ያድራልም። ረመዳን በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደኋላ ስለሚመጣ ቀኑን መቁረጥ የሚቻለው ሁለቱን የቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው። ይህን ለማድረግ ኮሚቴ አያስፈልግም፤ ሁለት የተለያየ እምነት ያላቸው ጎረቤታሞች ይበቃሉ።

ቦታውስ? ከዚራ መልካም ነው፣ ዛፍ አለው፣ ጥላ አለው፣ አሮጌው የባቡር ጣቢያ አጠገቡ ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ ከዚራ ብቻ ለምን? የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ያለው ሰው አያነብም ያለ ማን ነው? አንድ ቀን ከዚህ፣ አንድ ቀን ከዚያ ይሁን። ወንዙ ሲደርቅ አሸዋው ሰፊ ሜዳ መስሎ የሚታየው አዘጋጅ ካለ ደግሞ ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በጎርፉ ያደረገንን ሽማግሌዎችን ይጠይቅ።

ዋጋንም ሳላነሳ አላልፍም። የአዲስ መጽሐፍ ዋጋ የተማሪን ኪስ አልፎ ሄዷል። ወረቀት ከውጭ ይመጣል፣ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ይህን ደራሲውም አሳታሚውም አያስተካክሉትም። ስለዚህ በየፌስቲቫሉ የልውውጥ ጠረጴዛ ይኑር። ያነበብከውን አምጣ፣ ያላነበብከውን ውሰድ። የስሙኒው ሰውዬ ሥራም ይመለስ። ኪራይ ነውር አይደለም! አሳታሚዎች ሆይ፣ አትኮሳተሩ፤ ዛሬ የተከራየ ነው ደመወዝ ሲያገኝ የሚገዛችሁ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልምጣ። አወያያችን ሰዓታቸውን አዩ፤ እኔም አይቻለሁ፣ እናንተም አይታችኋል፣ እንቀጥል።

በዳኝነት የተቀመጥኩባቸው የጽሑፍ ውድድሮች አሉ። በብዙዎቹ ርዕስ ይሰጣል፤ «ሰላም»፣ «ሱስና ወጣትነት»፣ «የከተማችን ዕድገት»። ርዕሱ ክፉ አይደለም። ግን ምን ያመጣል? ሱሰኛ ልጅ ይመጣል፤ በሁለተኛው ገጽ ትምህርቱን ያቋርጣል፣ በሦስተኛው እናቱን ያስለቅሳል፣ በአራተኛው ወይ ይሞታል ወይ ይመከራል። የልጆቹ ጥፋት አይደለም። ምን እንድንሰማ እንደምንፈልግ ነግረናቸዋል፣ እነሱም አሰሙን። ርዕስ አትስጡ እላለሁ። መስጠት ግድ ከሆነ ቦታ ስጧቸው፣ ዕቃ ስጧቸው፣ ሰዓት ስጧቸው። «ቀትር ላይ የተዘጋ ሱቅ» በሏቸውና የሚመጣውን እዩ።

አሁን የከረጢቱን ነገር ልንገራችሁ። የአንድ ውድድር ሽልማት አልቆ፣ ለስላሳው ተጠጥቶ፣ ሰው ሲበተን አንድ ቀጭን ልጅ በር ላይ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ ዳኛ ነበሩ አይደል?» አለኝ። ነበርኩ አልኩት። «የኔ ምኑ ላይ ነው የጎደለው?» ስንት ጥያቄ በሕይወቴ ተጠይቄያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ተማሪ የጠየቀኝ የለም! አስቡት፤ ለምን አልሸለማችሁኝም አላለም። ምኑ ላይ ነው የጎደለው አለ። ጽሑፉ ለእኔ አልደረሰም ነበር፤ ሌላ ዳኛ ነው ያየው። የት እንዳለ ጠየቅን። አዘጋጁ መሥሪያ ቤት ጽሑፎቹን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ ዕቃ ግምጃ ቤት አስገብቷቸዋል፤ አሮጌ ወንበርና የተቀደደ ባነር መሐል። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ደግ ሰው ነበሩ፣ ከፈቱልን። ፈልገን አገኘነው። ከመስመር ደብተር የተገነጠሉ ስምንት ወረቀቶች፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በጥንቃቄ የተጻፉ። ከላይ በቀይ «61» ይላል። ሌላ ምንም! የተሰመረበት ቃል የለም፣ ነጠላ ሰረዝ አልታረመም። ልጁ ቁጥሩን አየው፣ ገለበጠው፣ ከጀርባው የሆነ ነገር ተጽፎ እንደሆነ ፈለገ።

ደጅ ወጥተን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አነበብነው። ሁለት ገጽ ተኩል ፀሐይ ትወጣለች። ፀሐይዋ ወርቃማ ናት፣ ጨረሯን ትፈነጥቃለች፣ ወፎች ይዘምራሉ። ሦስተኛው ገጽ መሐል ላይ ግን አያቱ ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር ላይ ተቀምጠዋል፤ ፈታሾች ሲገቡ ከቀሚሳቸው ሥር የጠቀለሉትን ልብስ የማያውቋት ነፍሰ ጡር ሴት ጭን ላይ አስቀምጠው «ልጄ፣ ይህን ያዢልኝ፣ ወገቤ አልቻለም» ይሏታል። ሴትየዋም ዝም ብላ ትይዛለች። ጣቢያ ላይ ሲወርዱ አያትየው የጠቀለሉትን ይፈቱና ከውስጡ አንዱን የሕፃን ልብስ ይሰጧታል። ይኼ ነው ታሪኩ! «ከዚህ ጀምር» አልኩት። «ፀሐይዋስ?» አለኝ። «ፀሐይዋን ተዋት፤ ድሬዳዋ ፀሐይ የሚያስተዋውቃት ሰው አያስፈልጋትም» አልኩት። ሳቀ። ወረቀቶቹን አጣጥፎ ይዞ ሄደ።

አሁን «ያ ልጅ ዛሬ ታዋቂ ደራሲ ነው» እንድል እየጠበቃችሁ ነው፤ ፊታችሁ ላይ ይታያል። አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ግን ያነባል፣ መጽሐፍ ይገዛል፣ ጓደኛው የጻፈውን ወስዶ ምኑ ላይ እንደጎደለ ይነግረዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ከረጢቱ ውስጥ የቀሩት ናቸው። ቁጥራቸውን ብቻ የሰሙት፣ ቁጥሩንም ያልሰሙት። ለእነሱ ምን ሰጠናቸው? የውድድር ገንዘብ ሲመደብ ለአዳራሽ ማስጌጫ ይመደባል፣ ለለስላሳ ይመደባል፣ ለባነር ይመደባል። ለማንበብስ? የተሸነፈን ጽሑፍ ተቀምጦ ለሚያነብና ግማሽ ገጽ አስተያየት ለሚጽፍ ሰው የተመደበ ሰባራ ሳንቲም አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ስለዚህ የሚቀጥለው ውድድር እንዲህ ይሁን። ስም በሌላ ወረቀት፣ ጽሑፉ በቁጥር ብቻ ይግባ። ድሬዳዋ ውስጥ ሁሉም የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል፤ ስም የያዘ ወረቀት ዘመድ የያዘ ወረቀት ነው። እያንዳንዱን ጽሑፍ ሁለት ሰው ያንብበው፤ ነጥባቸው ከተራራቀ ሦስተኛ ይጨመር። በእጅ የተጻፈ ይግባ፤ ኮምፒውተር የሌለው ልጅ ታሪክ የለውም ማለት አይደለም። በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪ የሚጽፉም ይግቡ፤ ሦስትና አራት ቋንቋ ቀላቅሎ በሚያወራ ከተማ በአንዱ ብቻ መወዳደር ምን ማለት ነው? በስልክ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አስጽፎ የሚያመጣ ይኖራል ብላችሁ የምትሰጉም አላችሁ። ይኖራል። ለመጨረሻው ዙር የደረሱትን አስጠርታችሁ እዚያው ተቀምጠው አንድ ገጽ እንዲጽፉ አድርጉ፣ ስለ ጽሑፋቸውም ጠይቋቸው፤ ያልጻፈው ሰው ገጸ ባሕሪው ለምን እንዳለቀሰ አያውቅም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጽሑፉ ከነአስተያየቱ ለጸሐፊው ይመለስ። ሁሉም! የመጨረሻ የወጣውም! በመጀመሪያ «ይህ ጥሩ ነው»፣ ቀጥሎ «ይህ ይጎድላል»፣ በመጨረሻ «ይህን አንብብ» የሚል ግማሽ ገጽ ተጽፎበት።

«ማን ያነባል ይህን ሁሉ?» ትሉኛላችሁ። እናንተ ናችሁ የምታነቡት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጡረታ የወጡ መምህራን አያለሁ። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ፣ ጋዜጣን ከርዕሱ እስከ ማስታወቂያው የሚያነቡ አባቶች አያለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አላችሁ። አንድ ሰው አሥር ጽሑፍ ቢወስድና በወር ውስጥ ቢመልስ ሥራው ያልቃል። ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ የት ላይ እንደሰለቻችሁና የት ላይ ልባችሁ እንደተነሳ በታማኝነት መጻፍ ነው። ክፉ ቃል ግን አልፈቅድም። «ባትጽፍ ይሻልሃል» የሚል አስተያየት የጻፈ ሰው ወረቀቱን ይቀማል፣ እኔ ራሴ ነኝ የምቀማው።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ መዝገብ አለ። ስማችሁን፣ የምታነቡበትን ቋንቋና ስልካችሁን ጻፉበት። አወያያችን አሁን ቆመዋል፣ ስለዚህ ጥያቄ ያላችሁ ደጅ ላይ ታገኙኛላችሁ። አመሰግናለሁ። መዝገቡ ላይ ያለውን እስክሪብቶ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ የእኔ ነው።